ዝናብ የሚዘንብበት ቁልፍ

ከመጋረጃው ጀርባ ዝናብ ዘነበ።

ወሩ ጥቅምት ነው። ሰማዩ ከጠራ ሰንብቷል፤ ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል የዳንግላ ብርድ ጆሮ መቆንጠጥ ጀምሯል። በቀበሌው አዳራሽ ቆርቆሮ ላይ ጠብ ያለ ነገር የለም። ሆኖም ከተዘረጋው አንሶላ ወዲያ፣ ሬዲዮዎቹ ከተቀመጡበት ጠረጴዛ፣ የሐምሌ ዶፍ የመሰለ ድምፅ ሳያቋርጥ ይንሿሿል።

«ይሄ ደግሞ የየት አገር ቋንቋ ነው?» አለ እንየው፣ እርሳሱን ከጆሮው ላይ እያወረደ። «ጋሼ፣ ይሄንንም እንጻፈው?»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ማናየሽ ግን አልሳቀችም። ያን ዝናብ ታውቀዋለች። አጠገቧ የተቀመጠችው አምሳልም ታውቀዋለች። አምሳል ከጠረጴዛው ሥር እግሯን ረገጥ አደረገቻት፤ ዝም በዪ ማለቷ ነው።

ነገሩን ያመጣው የቀበሌው ሬዲዮ ነው። መሠረተ ትምህርት የሚማሩት ሰዎች ማታ ማታ አዳራሽ ተሰብስበው የሬዲዮ ትምህርትና ዜና የሚሰሙበት አንድ ትንሽ ሬዲዮ ነበር። ክረምቱን ሙሉ ዘወር ብሎ ያየው ሰው አልነበረም፤ ለመስከረም ሲከፍቱት የባትሪው ድንጋይ ፈስሶ ሆድ ዕቃውን በልቶት ተገኘ። የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ አበረ ስብሰባ ጠሩ። «አዳራሻችን አሁን መብራት ገብቶለታል። በመብራት የሚሠራ ሬዲዮ ያላቸው ሁለት ቤቶች አሉ። ከሁለቱ የተሻለው ለሕዝብ ይዋል። በፈቃደኝነት!» አሉ። በዚያ ዘመን በፈቃደኝነት የተባለን ነገር እምቢ ያለ ሰው ማናየሽ አላየችም።

እንግዲህ ያሸነፈው ሬዲዮ ይወሰዳል፤ የተሸነፈው ወደ ቤቱ ይገባል። በዳንግላ ታሪክ ሁለት ባለቤቶች «ምነው የእኔ በተሸነፈ!» እያሉ የተሳሉበት ውድድር ይህ ሳይሆን አይቀርም።

አንደኛው ሬዲዮ የአምሳል አባት የአቶ ቢያድግልኝ ነው፤ የሻይ ቤቱ ጌጥ። ከጀርመን አገር የመጣ፣ የሙሽራ ሣጥን የሚያክል፣ እንጨቱ ፊት የሚያሳይ። ግንባሩ ላይ አረንጓዴ ዓይን አለው፤ ጣቢያ ሲይዝ ዓይኑ ጥብብ ይላል፣ ጣቢያው ሲያመልጠው ይበለጠጣል። ከዓይኑ በታች ነጫጭ ቁልፎች እንደ ጥርስ ተደርድረዋል። የመጨረሻዋ ቁልፍ ላይ በፈረንጅ ፊደል «ኤፍ ኤም» የሚል ተጽፎባታል። አቶ ቢያድግልኝ ይቺን ቁልፍ ዝንብ እንኳ እንድታርፍባት አይፈቅዱም።

«ይቺ ገና ናት» ይላሉ ለደንበኛ ሁሉ፣ ሻዩን አስቀምጠው በጣታቸው እያሳዩ። «ጣቢያዋ ሲከፈት ነው የምትነካው። በዚች በኩል የሚመጣ ድምፅ ኮሽታ የለበትም አሉ። ሰውየው አጠገብህ ቁጭ ብሎ ሻይ እየጠጣ የሚያወራህ ነው የሚመስልህ!»

ደንበኞቹ ቁልፏን በአክብሮት አይተው ሌላ ሻይ ያዛሉ።

አንድ እሑድ አቶ ቢያድግልኝ ለለቅሶ ግምጃ ቤት ወደሚባለው ከተማ ሲሄዱ ሁለቱ ልጆች ቁልፏን ተጫኗት። አንዳችም ሰው አልመጣም። ዝናብ ብቻ። ወዲህ ቢያዞሩት ዝናብ፣ ወዲያ ቢያዞሩት ዝናብ። በጎጃም ምድር በዚያች ቁልፍ የሚሰማ ጣቢያ አልነበረማ!

«አባትሽ ይሄን ሁሉ ዓመት የሚጠብቁት ይሄንን ነው?» አለች ማናየሽ። አምሳል ወለሉ ላይ ተንከባለለች። ከዚያ ወዲህ ደመና ባዩ ቁጥር «ያባትሽ ጣቢያ ሊከፈት ነው» ይባባላሉ።

ሁለተኛው ሬዲዮ የማናየሽ እናት የወይዘሮ ካሳነሽ ነው። ትንሽ ናት፤ ዓይንም ጥርስም የላትም። መልኳ ያረረ ዳቦ ይመስላል፣ አንድ ጥጓ ተሰንጥቋል። የማናየሽ አባት አቶ ዋኘው መንገድ ሥራ ላይ ሳሉ አንድ የፈረንጅ ኃላፊ አገሩ ሲገባ የተወላቸው ናት። አምስት የብርጭቆ አምፖሎች ሆዷ ውስጥ አሉ፤ አንደኛው ሲሰንፍ ጎኗን በመዳፍ ቸብ ማድረግ ያስፈልጋል። በጣም ስትሞቅ ደግሞ እንደ ሸፋጭ በቅሎ ከጣቢያዋ ወጣ ትላለች፤ እንደገና በጆሮዋ ይዞ መመለስ ነው።

ወይዘሮ ካሳነሽ ከአዘና በኩል ከገጠር ተድረው ሲመጡ ከአገውኛ በቀር አያውቁም ነበር። ባል መንገድ ሥራ ላይ ነው፤ ከበዓል እስከ በዓል አይታይም። ጎረቤት ምን እንደሚል አይገባቸውም። ታዲያ ማን አስተማራቸው? ይቺው ሬዲዮ! አማርኛን የተማሩት ከዜና አንባቢ ስለሆነ እስከዛሬም የሚናገሩት እንደ ዜና አንባቢ ነው። ገበያ ወጥተው ቃሪያ ሲጠይቁ፣ «የዚህ ቃሪያ ዋጋ ካለፈው ሳምንት ጋር ሲነጻጸር ከፍተኛ ጭማሪ አሳይቷል» ይላሉ።

«እትዬ ዜና፣ ይግዙ ወይስ ይለፉ!» ይሏቸዋል ነጋዴዎቹ።

ማናየሽ ከትምህርት ቤት ዘግይታ ስትገባም በሩ ላይ ቆመው፣ «ለመዘግየትሽ ምክንያት የሆነው ጉዳይ እስካሁን አልታወቀም» ይሏታል። ልጅቷ በሰው ፊት ሲሆን መሬት ተከፍታ ብትውጣት ደስ ይላታል። ቤት ውስጥ ግን፣ እናቷ ጨለም ሲል ያቺን ሬዲዮ ከፍተው በርጩማቸውን አስጠግተው ሲቀመጡ፣ ቤቱ ውስጥ ሦስተኛ ሰው የገባ ይመስላታል። ያ ሰው ከተወሰደስ? እናቷ ከማን ጋር ሊያመሹ ነው? እሷ ጥናት ላይ ናት። አባቷ የሚመጣው ለገና በዓል ነው።

የውድድሩ ዕለት ከሰዓት በኋላ እናቷ ሬዲዮዋን ዘይት በነካው ጨርቅ ሲወለውሉ አገኘቻቸው። የምትለብሰው ዳንቴልም ታጥቦ ፀሐይ ላይ ተሰጥቷል።

«እማዬ፣ ካሸነፈች እኮ ይወስዷታል።»

«ታዲያስ?»

«ታዲያማ እንድትሸነፍ አይደል የምንፈልገው? ለምን ታስውቢያታለሽ?»

«ሰው ፊት የምትቀርብን ፊቷን ሳላጥብ ልስደዳት?» አሉና የተሰነጠቀውን ጥጓን ደጋግመው አሹት።

አልገባቸውም አለች ማናየሽ በልቧ። ያሸነፈ ሽልማት የሚያገኝ መስሏቸዋል።

ውድድሩን የሚመሩት የሳይንስ አስተማሪው መምህር አዝመራው ናቸው። ሁለቱን ሬዲዮዎች ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው በአንሶላ ጋረዷቸው። «ዓይን ይሸነግላል። አረንጓዴ ዓይን ደግሞ የባሰ ይሸነግላል» አሉ። «ስለዚህ በጆሮ ነው የምንዳኘው። ሦስት ተማሪዎች የሰሙትን ቃል በቃል ይጽፋሉ። ሬዲዮው አጥርቶ ከተናገረ ጽሑፉ አይሳሳትም፤ ካጉረመረመ ይሳሳታል።»

በቃል ጽሕፈት የታወቁት ማናየሽና አምሳል ተመረጡ። ሦስተኛው እንየው ነው፤ ለምን እንደተመረጠ ሲጠየቅ «ጆሮዬ ሰፊ ስለሆነ ነው» ይላል። ሰፊ መሆኑስ ሰፊ ነው።

አዳራሹ ሞልቷል። የመሠረተ ትምህርት ተማሪዎች ደብተራቸውን ታቅፈው አግዳሚው ላይ ተደርድረዋል። ወይዘሮ ካሳነሽ ሁለተኛው አግዳሚ ላይ ናቸው። የከተማው የመብራት ሞተር ተነሥቶ አምፖሉ ቦግ አለ፤ መምህር አዝመራው ከመጋረጃው ጀርባ ገብተው ሬዲዮዎቹን ከፈቱ።

«ሽማግሌዎች ናቸው፣ ታገሧቸው» አሉ ከወዲያ ሆነው። «መጀመሪያ ይሞቃሉ፣ ቀጥሎ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ፣ ከዚያ ነው የሚናገሩት።»

የመጀመሪያው ሽማግሌ ሞቀ። ጉሮሮውን ጠረገ። ከዚያም ዘነበ።

መምህር አዝመራው ማዞሪያውን ከዳር እስከ ዳር ወሰዱት፤ ዝናብ። የሽቦውን አንቴና ነቅለው ሰኩት፤ ዝናብ። ላብ ግንባራቸው ላይ ችፍ ብሎ ከመጋረጃው ወጡ።

«ይሄኛው ታሟል» አሉ።

«ወይኔ ሬዲዮዬን!» ብለው አቶ ቢያድግልኝ ተነሡ፣ ሁለት እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጭነው። «ትናንት ሲያንጎራጉር ያመሸ! ምን አገኘብኝ?» ሐዘናቸው ከባድ ነበር፤ እንባ ብቻ ጎደለው።

መምህሩ የዝናቡን ድምፅ ዝቅ አድርገው ወደ ሁለተኛው ሬዲዮ ሲመለሱ አምሳል ወደ ማናየሽ ጆሮ ጠጋ አለች።

«ቁልፏን እኔ ነኝ የተጫንኳት። ተሸክመው ሲያመጡት አብሬ ገብቼ።»

«አምሳል!»

«ቀስ በዪ፣ ምን ያስጮህሻል! አባዬም አያውቅም። ሬዲዮው ከሄደብን ማን ብሎ ነው እኛ ቤት ሻይ የሚጠጣ? ሻይ እንደሆነ ሁሉም ቤቱ ያፈላል።» ትንፋሿ ትኩስ ነው። «ስሚኝ አሁን። ቀጥሎ የእናንተ ነው። አሳስቺና ጻፊ። እኔም አሳስታለሁ። እንየው እንደሆን ሳንነግረውም ይሳሳታል። ሁለቱም አይረቡም ይባላል፣ ሁለታችንም ይዘን እንገባለን። ጓድ አበረ ከበላይ አካል አዲስ ይጠይቁ። ማን ተጎዳ?»

ማናየሽ ማን እንደሚጎዳ ፈለገች። አላገኘችም። ደረቷ ላይ ተቀምጦ የሰነበተ ድንጋይ የተንከባለለላት መሰላት። እሺ ብላ ራሷን ነቀነቀች።

ከመጋረጃው ጀርባ «እምምም» የሚል ድምፅ ተሰማ። አንሶላ ቢጋርዳትም፣ ግንብ ቢጋርዳትም ማናየሽ ትለያታለች፤ ሰው የእናቱን ሳል እንደሚለየው ነው። መምህር አዝመራው መልክን መሸፈን አሰቡ እንጂ፣ በድምፁ ያደገን ሰው ጆሮ መሸፈን አላሰቡም። እምምታው ቀጠነ፣ ቀጠነና የዜና አንባቢው ድምፅ ጥርት ብሎ ወጣ። የመኸር ዜና ነው። የደረሰውን ሰብል ብርድና ዝናብ ሳይመታው ለመሰብሰብ ገበሬው አጨዳ ላይ መሆኑን ያወራል።

ማናየሽ «የደረሰው» የሚለውን «የፈረሰው» ብላ ጻፈች። «አጨዳ» ሲል «አቧራ» አለች። እጇ እምቢ እያላት ነው፤ መሳሳትም ለካ ልምድ ይፈልጋል። የሚቀጥለውን ቃል እንዴት እንደምታበላሽ ልታስብ ቀና አለች።

ቀና ስትል እናቷን አየች።

ወይዘሮ ካሳነሽ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። አንባቢው ያለውን ሁሉ በግማሽ ቃል እየዘገዩ ከኋላው በሹክሹክታ ይደግማሉ፤ «የደረሰውን ሰብል»፣ «ብርድና ዝናብ ሳይመታው»። ያኔ ዝም ባለ ቤት ውስጥ፣ ማናየሽ ሳትወለድ፣ ብቻቸውን እንዲሁ ሲደግሙ ነው የኖሩት። ፊታቸው ላይ ደግሞ ልጇ በሰው ፊት ስትናገር የምትሰማ እናት ዓይነት ነገር አለ።

ማናየሽ ወረቀቷን አየች። «የፈረሰው»። ይሄ ወረቀት አሁን ይሰበሰባል። መምህር አዝመራው በሕዝብ ፊት ያነቡታል። እናቷ ማንበብ ገና ፊደል ላይ ናቸው፤ መስማት ግን ይሰማሉ። ይቺ ሬዲዮ ያለችው እንዲህ ነው ሲባሉ፣ ከእሷ የተማሩት ሁሉ ፈርሶ ቢታያቸውስ?

እርሳሷን ገለበጠች። በላጲሱ ፈገፈገችው፤ ወረቀቱ ሊቀደድ ደረሰ። «የደረሰው» ብላ ጻፈች። «አጨዳ» አለች። ከዚያ በኋላ እጇ ራሱ ሮጠላት።

አምሳል በጎን ታያታለች። እግሯን ረገጠቻት። ደገመቻት። ማናየሽ እግሯን ሰበሰበች።

መምህር አዝመራው ወረቀቶቹን ተቀብለው አነበቡ። የአምሳል ከጫፍ እስከ ጫፍ የተሳሳተ ነው። «አምሳል፣ አሞሻል እንዴ ዛሬ?» አሏት። የእንየው ከግማሹ ላይ ቆሟል፤ «አንባቢው አላረፈም፣ እኔ ግን ደከመኝ» አለ። የማናየሽን ሲያነቡ አንድ ቃል አልጎደለም።

«እንግዲህ ተገላገልን» አሉ ጓድ አበረ። «አንዱ ሞቷል፤ ትንሿ ደግሞ አጥርታ ትናገራለች። እትዬ ካሳነሽ፣ ሕዝቡ ያመሰግንዎታል።»

ጭብጨባ ሆነ። ማናየሽ እናቷን ማየት ፈራች።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ አስተያየት አለኝ!» አሉ ወይዘሮ ካሳነሽ ተነሥተው፣ ነጠላቸውን እያስተካከሉ።

«ይናገሩ።»

«ውድድሩ በእኩል ሁኔታ አልተካሄደም። አንደኛው ተወዳዳሪ በሕመም ምክንያት ሜዳ አልገባም።»

ሳቅ ተነሣ። እሳቸው አልሳቁም።

«እትዬ፣ የተወሰደችው እኮ የእርስዎ ናት» አሉ ጓድ አበረ፣ ለሕፃን እንደሚያስረዱ ድምፃቸውን አለስልሰው። «ያሸነፈው ነው እዚህ የሚቀረው።»

«ይታወቃል። ከመጣሁ ጀምሮ ይታወቃል። አላስረክብም የሚል መግለጫ አልሰጠሁም። ስታሸንፍ ትሄዳለች። የታመመ ሰው ዘርሮ ግን ማን አሸነፍሁ ይላል? ያኛው ይዳንና ይግጠማት።»

ማናየሽ ጆሮዋ ጋለ። ገብቷቸው ኖሯል። ሁሉም ነገር ገብቷቸው ነው ጥጓን ሲያሹ የነበሩት።

«ማዳኑን እኔ አልቻልኩም እኮ» አሉ መምህር አዝመራው እጃቸውን ዘርግተው።

ማናየሽ ከመቀመጫዋ ስትነሣ አምሳል ቀሚሷን ያዘቻት።

«እንዳታደርጊው።»

«ለማንም ምንም አልናገርም።»

«ማና...»

«አልናገርም አልኩሽ።» ቀሚሷን ቀስ ብላ አስለቀቀችና ወደ መጋረጃው ሄደች።

ከአንሶላው ጀርባ ሌላ ዓለም ነው። የሁለቱም ሬዲዮ ጀርባ ወንፊት በመሰለው ካርቶን በኩል ብርቱካንማ ብርሃን ይተፋል። ትልቁ አረንጓዴ ዓይኑን በልጥጦ፣ የደነገጠ መስሎ ያያታል። ከጥርሶቹ መካከል የመጨረሻዋ ቁልፍ ጎድጉዳለች። ጣቷን አጠገቧ ያለችው ቁልፍ ላይ አሳረፈች። ያቺ ስትጫን የጎደጎደችው ትወጣለች።

እዚያ ላይ ቆመች። የከበዳት ሌላ ነገር ነው። እውነቱ ለእሷ ያደላ ነበር። ይሄን ብትጫን የእናቷ ሬዲዮ ልትተርፍ ትችላለች፤ የአምሳል ሊሄድ ይችላል። ማን ያምናታል፣ ለራሷ ብላ አይደለም ብሎ? እሷስ ራሷን ታምናለች? እውነት እንዲህ ሳትጠቅም ብትመጣ ኖሮ ምንኛ በቀለለ! ደግሞስ ዝም ብትልስ? ዝም ማለቱስ ለማን ብላ ነው?

ድምፁን መልሳ ከፍ አድርጋ ተጫነችው። ቀጭ አለ።

ዝናቡ ቆመ። ትልቁ ሬዲዮ እንደ በሬ አገሳ፤ አግዳሚው ተንቀጠቀጠ።

«ኧረ ሰውየው ከነቤተሰቡ መጣ!» አለ እንየው።

«አሃ! ሲሸከሙት ቁልፍ ተጭኖ ኖሯል!» አሉ መምህር አዝመራው ግንባራቸውን መትተው። ማናየሽ አዎም አይደለምም ሳትል ወደ ቦታዋ ተመለሰች። አቶ ቢያድግልኝ እጃቸውን ከራሳቸው ላይ አወረዱ፤ ሬዲዮአቸው ዳነ ብሎ ደስ የሚለው ሰው ፊት ግን አልነበራቸውም።

አምሳል በመካከላቸው ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ ትታ ዳር ላይ ተቀምጣለች።

ከትልቁ ሬዲዮ እንደገና ተጻፈ። ዜናው አልቆ የእርሻ ፕሮግራም ገብቷል፤ ስለ በሬ አመጋገብ ነው። ማናየሽ አንዲት ስህተት፣ አንዲት ብቻ፣ ለጓደኝነት ልትጽፍ አሰበች። እርሳሷን አነሣች። ከዚያ የሰማችውን ጻፈች። ሲያበቃ ወረቀቷ እንደ መጀመሪያው ሙሉ ነበር። የአምሳልን መምህሩ አይተው ለሕዝቡ ሳያነቡት አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

«አጠገባቸው ለተቀመጠ ሰው እኩል ናቸው» አሉ መምህር አዝመራው። «እንዲያውም ትንሿ ንግግሯ ይበልጥ ይጠራል፤ ትልቁ ያጓራል። ከኋላ ያላችሁስ? አባ ቢሻው፣ እንዴት ሰሙ?»

የመጨረሻው አግዳሚ ላይ የተቀመጡት ሽማግሌ ከጋቢያቸው ውስጥ ብቅ አሉ። «የቅድሟን ካሳነሽ ስትደግም፣ ሰው ከሰው ሲቀባበላት፣ እንዲያ ሆና ነው እኔ ዘንድ የደረሰች። ይሄኛው ግን ራሱ መጣልኝ።»

አለቀ። «ለቤት ቢሆን ትንሿን እመርጥ ነበር» አሉ መምህሩ። «ለአዳራሽ ግን ትልቁ ነው።» አቶ ቢያድግልኝ ተጨበጨበላቸው። ጎንበስ ብለው አመሰገኑ፤ ቀና ለማለት ትንሽ ጊዜ ወሰደባቸው።

ወይዘሮ ካሳነሽ ሬዲዮአቸውን በነጠላ ጠቅልለው እንደ ሕፃን ታቅፈው ወጡ። መንገድ ላይ አኩርፈዋል።

«ሁለተኛ ወጣን» አሉ።

«እማዬ፣ ከሁለት እኮ ነው።»

«ሁለተኛ ሁለተኛ ነው።» ጥቂት ሄዱና፣ «ያቺን ቁልፍ ግን ከየት አወቅሻት?» አሉ።

ማናየሽ ከነጠላው የሾለከውን የሬዲዮዋን ገመድ አንሥታ ያዘችላቸው።

«እንግዲያው ጉዳዩ በመጣራት ላይ ይገኛል» አሉ። ከዚያ ወዲያ ግን አልጠየቋትም።

አምሳል በማግሥቱ ክፍል ውስጥ ሌላ ዴስክ ላይ ተቀመጠች። በሳምንቱም እዚያው ነበረች። ማናየሽ ከግቢያቸው ሆና በአጥሩ ቀዳዳ አጠገባቸው ያለውን የእነ አምሳልን ሻይ ቤት በረንዳ ታያለች። ደንበኛው ማታ ማታ ወደ አዳራሹ ይጎርፋል፤ እዚያ ዜናው አለ፣ ሻይ የለም፣ ማንም ሻይ አላማረውም። አቶ ቢያድግልኝ ብርጭቆ ያጥባሉ፤ ያጠቡትን መልሰው ያጥባሉ። ሬዲዮው የነበረበት መደርደሪያ ላይ አቧራ ያልነካው አራት ማዕዘን ቀርቷል። አምሳል በረንዳው ላይ ደብተሯን ገልጣ ትቀመጣለች፤ ገጹን ስትገልጥ ግን ማናየሽ አይታ አታውቅም።

አንድ ምሽት የከተማው ሞተር ሲነሣ ማናየሽ ሬዲዮዋን ከነዳንቴሏ አነሣቻትና መስኮቱ ሥር አስቀመጠቻት። ፊቷን ወደ ውጭ፣ ወደ አጥሩ አዞረች። መስኮቱን ከፈተች። ብርዱ ሳይጋበዝ ገባ።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አሉ እናቷ። «ፊቷን ለጎረቤት፣ ጀርባዋን ለእኛ?»

«ጀርባዋ ነው እኮ የሚሞቀው፣ እማዬ።»

ወይዘሮ ካሳነሽ መስኮቱን አዩ፣ አጥሩን አዩ፣ ልጃቸውን አዩ። ምንም የዜና ቃል አልመጣላቸውም። በርጩማቸውን አንሥተው ከሬዲዮዋ ጀርባ አስጠጉና መዳፋቸውን ወደ ብርቱካንማው ብርሃን ዘረጉ።

ማናየሽ ከፈተቻት። አምፖሎቹ ቀስ በቀስ ቀሉ። «እምምም» አለች ሬዲዮዋ፤ ጉሮሮዋን ጠረገችና ተናገረች። ድምፁ በመስኮቱ ወጥቶ ከአጥሩ በላይ ሄደ። ከወዲያ ማዶ የብርጭቆ ድምፅ ቆመ።

ዜናው ወደ መካከል ሲደርስ፣ ከአጥሩ ወዲያ አንድ አግዳሚ በበረንዳው ሲሚንቶ ላይ ሲጎተት ተሰማ። ወደዚህ።

ማናየሽ ማን እንደሆነ ለማየት አልተነሣችም። እጇን ዘርግታ ድምፁን ጥቂት ከፍ አደረገችው።